አራት ጋሪ ለመምረጥ ስንት ምልልስ ይፈጃል?

ቅናተኛ ነኝ። ይህን ከአሁኑ የምነግራችሁ ታሪኩ መሀል ስትደርሱ "ይህቺ ሴትዮስ አበዛችው" እንዳትሉኝ ነው። ማብዛቱን አብዝቼዋለሁ። ግን እናንተም በእኔ መስኮት ተቀምጣችሁ እኔ ያየሁትን ብታዩ ኖሮ ዝም ብላችሁ ዘይት የምትሸጡ አይመስለኝም። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

አስቴር እባላለሁ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ኡኬ አካባቢ የሰፈሩ ናቸው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል እየተናገርኩ አደግኩ። ባሌ ቶለሳ መካኒክ ነው። ነቀምቴ ውስጥ የራሳችን ጋራዥ አለን። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጠባብና ረጅም ግቢ ነው። ሲሚንቶው ከጓሮ እስከ በሩ ድረስ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። የነቀምቴን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ውሃው ወደ መንገድ ካልወረደ ክረምቱን በሙሉ ኩሬ ውስጥ ቆሞ መሥራት ነው። በሩ አጠገብ ደግሞ የእኔ ትንሽ ሱቅ አለች። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ እሸጣለሁ። በሱቋ መስኮት በግቢው ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ይታየኛል። ለእንደኔ ዓይነት ሴት እንዲህ ያለ መስኮት መስጠት ተገቢ አልነበረም።

በእኛ ጋራዥ ሞተሩ የወረደ መኪና ቦታ የሚቀይረው በሰው ጉልበት ነው። ሠራተኞቹ፣ የጎረቤት ጎሚስታ፣ ከመንገዱ ማዶ ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ ተጠርተው ከኋላ ይደረደራሉ። የጋራዡ ባለቤት ቦታ ግን የታወቀ ነው። የሹፌሩን በር ከፍቶ ቀኝ ትከሻውን በሩ ካለበት ቋሚ ብረት ላይ ያሳርፋል፤ ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ መሪ ይይዛል፤ "ቶኮ፣ ለማ!" ብሎ በኦሮምኛ ሲቆጥር ሁሉም በአንድ ላይ ይገፋል። ቶለሳ ያንን ቦታ ለማንም ለቆ አያውቅም ነበር።

ስለ ትከሻው ደግሞ የቤተሰብ ታሪክ አለን። እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ፣ ሽማግሌዎቹን ከነቀምቴ ኡኬ ይዞ የመጣው ራሱ ነበር። በደንቡ መሠረት እሱ መኪናው ውስጥ ተደብቆ መቅረት ነበረበት። ዕድል ሆነና መኪናው እቤታችን ጥግ ጭቃ ያዘው። ቶለሳ ወጣ፤ በነጭ ሸሚዙ ትከሻውን አስጠግቶ፣ ሽማግሌዎቹን ከነበርኖሳቸው እንደ ጫነ መኪናውን ከጭቃው አወጣው። አባቴ በአጥሩ በኩል ቆሞ ያይ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀምጠው ገና ነገር ሲያሰማምሩ፣ "የልጁን ትከሻ አይቻለሁ፤ ሌላ ባትነግሩኝም ይበቃኛል" አላቸው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "እኔ ትከሻውን አይቼ ነው ያገባሁት" እያልኩ አስቃለሁ። ቶለሳም አብሮ ይስቃል፤ ቀና ብሎም ይቀመጣል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን "መኪና ማንቀሳቀሻ ጋሪ ልንገዛ ነው" አለኝ። በእያንዳንዱ ጎማ ሥር የሚገባ፣ አራት ትንንሽ ተሽከርካሪ እግር ያለው ጋሪ ነው። መኪናው አራቱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ያለ ሞተር ይሄዳል። ደስ አለኝ። ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። የጋራዥ ዕቃ የሚሸጥ አዲስ ሱቅ ከመናኸሪያው በታች ተከፍቶ ነበርና ሄዶ መረጠ፤ አንድ ናሙና ለሙከራ ተውሶ መጣ።

የሱቁ ባለቤት አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው፤ ሱቁን የምታስተዳድረው ግን እህቱ ናት። ስሟ ጫልቱ ነው። ኦሮምኛ ለማትሰሙ ልንገራችሁ፣ "የምትበልጥ" ማለት ነው። ከማን እንደምትበልጥ ያኔ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያውን ጋሪ መለሰው። እግሮቹ ትንንሽ ብረት ስለሆኑ የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ እየገቡ ይቆማሉ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሲሚንቶአችን እንደ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ነው። ሁለተኛውን አመጣ። እግሩ ሰፊ፣ ጠንካራ ላስቲክ የለበሰ ነው፤ ስንጥቁንም ዘለለው። መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጋሪውን ማስገባት ብቻ ነው። እኔ "ይኸው ተገኘ" አልኩ። ቶለሳ ክሪኩን ጥቂት ሞከረና ተወው፤ "አይመችም" ብሎ ያንንም መለሰ። ምኑ እንደማይመች አልነገረኝም። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ቀስ በቀስ የጫልቱ ሱቅ ሁለተኛ ቤቱ ሆነች። ቀን ቀን ከሥራ መሀል ተነስቶ ይሄዳል። ማታ ማታ ስልክ ሲደወልለት ወደ በረንዳ ይወጣል። "የአካባቢያችን በያጅ ከላሜራ ቢሠራልን ምን አለበት?" ስለው፣ "ሃዸ ሃዊ፣ ይሄን ለእኔ ተዪው" አለኝ። ሃዊ ልጃችን ናት፤ የሃዊ እናት ብሎ በስሟ ሲጠራኝ ክርክሩ አብቅቷል ማለት ነው።

እናንተ ዕቃ ስትገዙ ስንት ጊዜ ትመላለሳላችሁ? እኔ ለሰርጌ ቀሚስ እንኳን ያን ያህል አልተመላለስኩም።

ከዚያ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመርኩ። ቶለሳ ንጹሕ ሆነ። የልብስ ሳሙና ያስጨርሰን የነበረው ሰውዬ ሸሚዙ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ሳይኖር መምጣት ጀመረ። መኪና ሲገፋ ያንን ቦታውን ለገመዳ፣ ለዋናው ሠራተኛችን ሰጠና፣ ራሱ እንደ ሙሽራ ውስጥ ተቀምጦ መሪ ይይዛል። "ለማን ነው ሸሚዙን የሚጠብቀው?" እላለሁ በመስኮቴ ሆኜ። ደንበኛ ሲመጣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ ሰላም ማለት ተወ፤ በሩቁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ሃዊ ወደ ትከሻው ልትወጣ ስትዘል "ትልቅ ልጅ ሆነሻል" ብሎ ያወርዳታል። አልጋ ላይ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ የሚተኛ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ መተኛት ጀመረ። አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሌሊት ቢሆን እሺ። በቃ ግድግዳውን አገባው።

የባሰብኝ ግን የእሑዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዝማሬው ሲሞቅ ሰው ሁሉ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ቶለሳም በፊት ከማንም በላይ ከፍ አድርጎ የሚያነሳ ሰው ነበር። ያን እሑድ ግራ እጁን ብቻ አነሳ። ቀኙ እጎኑ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ፊቱም ተጨማዷል። ሰውዬው ጌታ ፊት እጁን ማንሳት አፍሯል አልኩ። ኃጢአት ካልከበደው በቀር ምን ያከብደዋል? ዝማሬው እስኪያልቅ የጫልቱን ፊት እያሰብኩ ቆምኩ። እዚያ ላይ ቆርጬ ወሰንኩ፤ ሄጄ ዓይኗን አያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን አጠናሁ፤ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚያቃጥላት ስላላወቅኩ። ስገባ ጫልቱ ካርቶን እየከፈተች ነበር። ከገመትኩት በላይ ቆንጆ ናት፤ ይህን መጻፍ አሁንም ደስ አይለኝም። ማንነቴን ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም። ይልቅ ወንበር ጠረገችልኝ።

"አዴ አስቴር፣ በጋ ነጋን ዹፍተን። ይቀመጡ" አለችኝ፤ እንኳን በደህና መጡ ማለቷ ነው። "እርስዎ" ስትለኝ ዕድሜዬን የቆጠረችብኝ መሰለኝ።

አልቀመጥኩም። ባሌ የመረጠው ጋሪ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኩ። ትናንት ከአዲስ አበባ መግባቱን ነገረችኝ፤ ካርቶኑን አዙራ አሳየችኝ። በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለው። ጋሪውን ጎማው ሥር አስጠግተው ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ ሁለቱ ክንዶቹ ጎማውን ከፊትና ከኋላ ጨምቀው ራሳቸው ያነሱታል። ክሪክም አይፈልግ፣ እጅም አይፈልግ።

"ላስቲክ የለበሰውስ ምን ጎደለው?" አልኩ።

"ያኛው በእጅ ነው የሚሠራው" አለች። "ለእሱ በእግር የሚሠራውን መረጥንለት።"

መረጥንለት። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ሸሚዝ እንኳን "መረጥኩለት" ነው የምለው፤ እሷ ከማን ጋር ሆና ነው "መረጥንለት" የምትለው? ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ራሷ ይዛ መጥታ አጠቃቀሙን እንደምታሳይ ነገረችኝ። "ነይ፤ እጠብቅሻለሁ" አልኳት። በልቤ ግን ሁሉም ሰው ባለበት፣ በገመዳም በጎሚስታውም ፊት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ እንደምናገር ወስኜ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱ አራቱን ጋሪ በባጃጅ አስጭና መጣች። ቶለሳ ሊቀበላት ወደ በሩ ሲወርድ ከሱቄ ሆኜ እግሩን ሳይቀር አየሁ፤ ይቸኩላል። እኔን ሲያይ ግን ቆም አለ። "ሱቅሽን ዘግተሽ ነበር አሉኝ፤ የት ሄደሽ ነው?" አለኝ። "ጋሪ ልመርጥ" አልኩት። ጫልቱን ቀና ብሎ አየና ዓይኑን ሰበረ። ያ አስተያየት በውስጤ የቀረውን ጥርጣሬ ጨረሰው።

ከጓሮ ሞተሩ ወርዶ ዕቃ ሲጠብቅ የከረመ አንድ ፒካፕ ነበር። ጋሪዎቹን የሞከሩት በእሱ ነው። ገመዳ አራቱንም ጎማ በየተራ በፔዳሉ አነሳ። ፒካፑ ከመሬት በስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ጫልቱ በየጋሪው እግር ላይ ያለችውን ትንሽ ፍሬን በጫማዋ ጫፍ እየነካች አሳየች፤ ስትረገጥ ትይዛለች፣ ስትነሳ ትለቃለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ታኮ ሆነው የከረሙትን ድንጋዮች ከጎማዎቹ ሥር አወጡ፤ ገመዳም ፍሬኖቹን አንድ በአንድ በእግሩ አነሳ። ፒካፑን በአንድ እጁ ገፋ አደረገው። ተንቀሳቀሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጎሚስታው ሳይቀር አጨበጨበ። ቶለሳ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

እኔ የመረጥኩት ሰዓት ያ ነው። ከሱቄ ወጣሁና በበሩ መሀል ቆምኩ። "ቶለሳ" አልኩ፣ "ሰው ሁሉ እያለ የምጠይቅህ ነገር አለ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ገመዳም ዞረ፤ እጁም ከፒካፑ ተነሳ።

ፒካፑ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብሎ ነበር፤ እኔም የሚገፋው ያለ መስሎኝ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ከዚያ ፈጠነ። ገመዳ ሮጦ በሩን ከፍቶ ገባና ዘወትር እንደሚያደርገው ፍሬን ረገጠ። ደጋግሞ ረገጠ። ጎማዎቹ ጋሪ ላይ ናቸው፣ መሬት አይነኩም፤ ፍሬኑ ማንን ይይዛል? እኛ መኪና ሲያመልጥ የምናውቀው ፍሬንና መሪ ነው፤ ጎሚስታውም በመስኮት እጁን ሰዶ መሪውን ሊያዞር ይታገላል። መኪናው መሪውን አልሰማም፤ ፊቱን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ በቀጥታ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ መጣ።

ቶለሳ ያኔ ዘለለ። ወደ ጥንት ቦታው፣ ወደ ሹፌሩ በር ቋሚ ብረት ሄዶ በቀኝ ትከሻው ሊያቆመው ተደገፈ።

ጫልቱ ጮኸች። "አስቴር፣ ትከሻውን! አስለቅቂው፣ ትከሻው አይችልም!"

"እርስዎ" የሚለው ቀርቷል። ልብ ብዬ ሰማኋት። መኪና እየመጣብኝ፣ ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ስለ ባሌ ትከሻ እሷ ምን አገባት የሚለውን ነበር። እንዲህ ናት ቅናት፤ ነፍስሽን ልታጪ ነው እየተባለ እሷ ጥያቄ ትጠይቃለች። ከዚያ የቶለሳን ፊት አየሁ። አመድ መስሏል። ክንዱ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ፣ እሱ ራሱ ወደ ሲሚንቶው ተንሸራተተ።

ወደ ኮፈኑ ሮጥኩ። ጫልቱም ከዚያኛው ወገን ሮጣ ደረሰች። ሁለታችን ጎን ለጎን ሆነን መዳፋችንን ኮፈኑ ላይ አድርገን ተደገፍን፤ የእሷ ትከሻ የእኔን ይነካል፣ ጫማችን ሲሚንቶው ላይ ይንሸራተታል። መኪናው ቀዘቀዘ እንጂ አልቆመም። የሱቄ በር እንዳይዘጋ የማስደግፈው ድንጋይ አጠገቤ ነበር። በእግሬ ሳብኩና ወደ ጋሪው እግር መታሁት። መጀመሪያ ሳተ። እንደገና ስመታው ገባ። አንደኛው ጋሪ ነክሶ ሲቆም ፒካፑ ዞር አለና የሱቄን ግድግዳ ታክኮ ቆመ። ጫልቱ በቶሎ ጎንበስ ብላ የጋሪዎቹን ፍሬኖች ረገጠች።

ሐኪም ቤት የሄድነው ጫልቱ ባመጣችው በዚያው ባጃጅ ነው። ቶለሳ መሀላችን ተቀምጦ ቀኝ ክንዱን በግራው አቅፎ ነበር። እኔ በአንድ ወገን፣ እሷ በአንድ ወገን። ላውርዳት ብዬ አስቤም ነበር፤ ግን የትኛው ሐኪም ጋ መሄድ እንዳለብን የምታውቀው እሷ ናት።

እሱ ሲገባ እኛ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ያኔ ነገረችኝ። ቶለሳ መጀመሪያ ሱቋ የገባ ቀን ናሙናውን ከመደርደሪያ ሊያወርድ ቀኝ እጁን ሰዶ ኖሮ፣ ዕቃው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። እሱም ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ። የጫልቱ አባት ጊምቢ ውስጥ የቡና ጆንያ የሚሸከሙ ሰው ነበሩ። ትከሻቸው መታመሙን ሥራ እንዳያጡ ብለው ከቤተሰቡ ደብቀው፣ በመጨረሻ ጉርሻ እንኳን በዚያ እጃቸው ማንሳት አቅቷቸው ቀሩ። ስለዚህ የቶለሳን ፊት ገና ስታየው አወቀች። ጠየቀችው፤ ነገራት። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ በየቀኑ ትነዘንዘው የነበረችው ማታ ማታ ወደ በረንዳ እየወጣ በሚያነሳው ስልክ ነው። በእጅ የሚሠሩትን ጋሪዎች ሁሉ የመለሰው በእጁ መሥራት ስለማይችል ነበር። ሠራተኞቹ ሳያውቁበት፣ እኔ ሳላውቅበት፣ በእግሩ የሚሠራ ጋሪ ፈልጎ ነበር የሚመላለሰው።

"ለሚስትህ ንገራት እለው ነበር" አለች። "ማሎ፣ እባክሽ፣ ለሷ ግን አይሆንም ይለኝ ነበር።"

አሁን እፎይ አለች ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ባሌ አልከዳኝም፤ ሸሚዙ የነጣው መግፋት ስለተወ ነው፤ እጁን ለጌታ ያላነሳው ኃጢአት ከብዶት ሳይሆን ትከሻው እምቢ ብሎት ነው። ልደሰት ይገባኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ቀንቼ አላውቅም። ሌላ ሴት ወዶ ቢሆን ኖሮ እጣላ ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ ኡኬ አባቴ ቤት እሄድ ነበር፤ ለዚያ የሚደረገውን ማንም ያውቃል። ግን ሰውዬው ሕመሙን ነው ወስዶ ለሌላ ሴት የነገረው። እኔ አጠገቡ እየተኛሁ የማላውቀውን ነገር ይህች የዕቃ ሻጭ ታውቃለች። እያንዳንዱን ምልክት አይቻለሁ፣ አንድም አላመለጠኝም፤ ሁሉንም ግን ወደ እሷ ነው የተረጎምኩት። አግዳሚው ላይ ከጫልቱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷም አላስቸገረችኝም።

ሐኪሙ የትከሻው ጅማት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲበጣጠስ የኖረ እንጂ የዛሬ ጉዳት ብቻ እንዳልሆነ ነገረን። ሕክምናው ጊዜ ይወስዳል፤ ይሻለዋል፣ መኪና መግፋት ግን ከእንግዲህ የለም። ቶለሳ ይህን ሲሰማ ሐኪሙን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ቤት ከገባን በኋላ ሃዊን አስተኝቼ መጣሁ። ክንዱ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ የወጣኝ ድምፅ ግን ትንሽ ነበር።

"ለምን ለእሷ?" አልኩት።

ቶለሳ በአማርኛ ሲከብደው ወደ ኦሮምኛ ይሄዳል፤ ያን ቀን ግን በእኔ ቋንቋ ነው የተናገረው። "እሷ ትከሻዬን አይታ አላገባችኝም" አለ። "አባትሽ ምን አይተው እንደሰጡኝ በየበዓሉ ትናገሪያለሽ። ትከሻው ሲሄድ ምን ይዤ እቀርባለሁ?"

ያን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አሰብኩ፤ እሱም በሳቀ ቁጥር ቀና ብሎ ሲቀመጥ ታየኝ። እኔ ቤታችንን ደስ የሚያሰኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ለካ እንደ ውል ነበር የሚሰማው። አጠገቡ ተቀምጬ ጥሩውን ትከሻ ተደግፌ አለቀስኩ፤ በቅናትም በፍቅርም ነው፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ በጋሪዎቹ ነው የሚሠራው። ቶለሳ ፔዳሉን በእግሩ ይረግጣል። ቁልቁለቱ ላይ ሲሆን የታችኞቹ ሁለት ጋሪዎች ፍሬን ድንጋይ ሳይቀርብ አይነሳም፣ ድንጋዩም ከሥር ከሥር ይከተላል፤ ድንጋይ የማስከትለው እኔ ነኝ። ትከሻውን አይቼ አገባሁት የሚለውን ቀልድ ግን ተውኩት። አባቴ ከኡኬ መጥቶ አማቹ አንድ ትልቅ መኪና በእግሩ ብቻ ሲያነሳ ሲያይ ቆየና፣ "እኔ እኮ ያን ቀን እግሩንም ልብ ብዬ ማየት ነበረብኝ" አለ። ቶለሳ እስኪያስለው ሳቀ።

ከጫልቱ ጋር እህትማማች ሆንን ብላችሁ አትጠብቁ። ስትመጣ ሻይ አዝዝላታለሁ፣ ባለውለታዬ ናትና። ከቶለሳ ጋር ረዘም አድርጋ ካወራች ግን ዛሬም ዓይኔ መስኮቱን አይለቅም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። በፊት ሲያወሩ ካየሁ "ምን እየሠሩ ነው?" እል ነበር። አሁን "ያመመውን ነገር ቀድሞ ለእሷ እየነገራት ይሆን?" ነው የምለው። ማታ እጠይቀዋለሁ። ይነግረኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ዓይነቶቹ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰዋችሁ አልጋ ላይ ጀርባውን ከሰጣችሁ፣ መንደሩን ከማሰሳችሁ በፊት በየትኛው ጎኑ መተኛት እንደሚችል ጠይቁት። ያን ዕለት አልቅሼ ስጨርስ ቶለሳ እንደ ልማዱ በግራ ጎኑ ተኛ፤ እንደ ልማዱም ጀርባው ወደ እኔ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው ሆነ። ጥቂት አየሁትና ተነሳሁ፤ በእግርጌ ዞሬ በግድግዳው በኩል ሄድኩ።

"ጠጋ በል" አልኩት።

"ይሄ እኮ የእኔ ጎን ነው" አለኝ።

"ነበር" አልኩት። ጠጋ አለልኝ። ተኛሁ፤ ፊቱም ፊት ለፊቴ ሆነ። እስካሁን በዚያ በኩል ነው የምተኛው።